መኪናው ሳይነሳ

አያቴ ሚኒባስ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አባታችን ሆይ»ን ሳይደግሙ መኪናው እንዲነሳ አይፈልጉም ነበር። ለደም ግፊታቸው ከጎባ ወደ ሮቤ ሐኪም ቤት የማመላልሳቸው እኔ ነበርኩ። ሥራ ይረፍድብኛል፣ ስልኬ ይጮኻል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ እኔም በእፍረት አቀረቅራለሁ።

«አባባ፣ በልብዎ ቢጸልዩስ?» ስላቸው፣

«ለእግዜር ጊዜ ያጣ ሰው የት ለመድረስ ነው የሚሮጠው?» ይሉኝና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ሾፌሩ ሙስሊም ነው። አንድ ቀን እንኳ አላጣደፋቸውም። እሳቸው «አሜን» ሲሉ እሱ «ቢስሚላህ» ብሎ ሞተሩን ያስነሳል።

ከቀበርናቸው ሁለት ሳምንት ሆነን። ከዚያ ወዲህ እተኛለሁ እንጂ አላርፍም። ትናንት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የገጠመኝ ያው ሾፌር ነበር። ከጀርባው ያለችው የእሳቸው ቦታ ላይ ጆንያ ድንች ተጭኗል። መኪናው ሞላ፤ ረዳቱ በሩን ዘጋ። ሾፌሩ ግን ቁልፉን እንደያዘ ሞተሩን አላስነሳም። ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተን ሳይህ ኦቦን፣ አያትህን፣ የምጠብቅ መሰለኝ» አለኝ። «በል እስቲ አንተ ድገምልን።»

ስልኬን ኪሴ ከትቼ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ጠፋኝ። የሚያጉረመርም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ጠበቀኝ። እኔ ግን ከየት ላምጣው? ያን ሁሉ ጊዜ እሳቸው ሲጸልዩ፣ እኔ ሰዓቴን ነበር የማየው።