ሁለት አውሮፕላን በአንድ ጭስ ውስጥ

ግሪሳ ወፍ ማሽላችንን ማራገፍ ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። በሽንፋ ወንዝ ዳር ሸምበቆ ውስጥ ያድርና ጎሕ ሲቀድ እንደ ደመና ተነሥቶ በእርሻችን ላይ ይወርዳል። መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን እንዲላክልን ያልጠናነው ደጅ አልነበረም። የወረዳው ሹም በየስብሰባው «በሂደት ላይ ነው» ይሉናል። እኔም ሂደት የሚባለው ነገር ከዘለዓለም በምን እንደሚለይ መመርመር ጀምሬ ነበር።

በመጨረሻ ሹሙ ቤቴ ድረስ መጡ። አውሮፕላኑ ሰኞ ማለዳ ስለሚመጣ፣ ጭስ አብራሪውን እንዳይጋርደው ማንም እሳት እንዳያነድ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንድናገር ለመኑኝ። ተናገርሁ። አንድ ገበሬ ከኋላ «የኔታ፣ ዐምና ይመጣል የተባለውስ ገና መንገድ ላይ ነው?» ሲል ሕዝቡ ሣቀ። ከሣቁት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ሰኞ ማማዬ ላይ ወጥቼ ጠበቅሁ። ፀሐይ ወጣች፤ ወፉ መጣ፤ አውሮፕላን የለም። ትዕግሥትን ለሰው ሳስተምር የኖርሁት ሰውዬ ወርጄ ወፉን በጭስ ላባርር እርጥብ የሰሊጥ አገዳ ለኮስሁ። ጎረቤቶቼም ከልካዩ ራሱ ካጨሰ ምን ቀረ ብለው ለኮሱ። ጥቂት ቆይቶ ሜዳው በጭስ ተሸፈነ።

የሞተር ድምፅ የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ ከወዲያኛው አቅጣጫ ሌላ ተሰማ። ለካ የሰፋፊ እርሻ ባለሀብቶችም የራሳቸውን ተከራይተው ኖሯል፤ ምስጋናውን ላለመካፈል ወረዳውም ለእነርሱ፣ እነርሱም ለወረዳው አልተናገሩም። ሁለቱ ከጭሱ ውስጥ ፊት ለፊት ወጡ። አንዱ ሽቅብ ተወረወረ፤ ሌላው ክንፉን አጋድሞ በማማዬ አናት አለፈ። በመካከላቸው ጥማድ በሬ አያሳልፍም ነበር። በቃሌ ከያዝሁት ጸሎት ሁሉ አንዲት ቃል አልመጣችልኝም።

ሁለቱም በባለሀብቶቹ እርሻ ውስጥ ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ጥርጊያ ላይ በደኅና ሲያርፉ ሮጠን ደረስን። ሹሙ ጭሱን ያነደደው ሕገ ወጥ ለሕግ እንደሚቀርብ እየዛቱ ነበር። ገበሬው ሁሉ እኔን ላለማየት መሬት መሬቱን ያያል።

«መጀመሪያ የለኮስሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

ሹሙ በሦስት ሳምንት ባላየሁባቸው ፍጥነት ስሜን ጻፉ። ከአብራሪዎቹ አንዱ የራስ ቁሩን አውልቆ ወደ እኔ መጣ።

«አባቴ፣ ሊያስጨርሱን ነበር» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ለመንሁት። እርሱ ግን ወደ ሹሙና አጠገባቸው ቆሞ ወደ ነበረው የባለሀብቶቹ ወኪል ዞረ። «ጭሱ ባለቤት ተገኘለት። ሁለታችንን በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ሸምበቆ የላከንስ?»

ወኪሉ ስልክ እንደ ተደወለለት ሰው ፈቀቅ አለ። ሹሙ ቃለ ጉባኤ ይያዝ ብለው አዘዙ።

ቃለ ጉባኤው ሲነበብ የአደጋው መንስኤ አንድ ሽማግሌና አንድ እቅፍ አገዳ ሆነው ተገኙ። እውነት ነውና ፈረምሁ። ከስሜ በታች ግን ለሁለቱ ላኪዎች ፊርማ የሚበቃ ባዶ ቦታ ተውሁ። ሹሙ ለምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ማኅተሙን አሳረፉበት።