«ሜሀል» የሚባለው ቃል

ሶሲ አዳማ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ቀደም ሲል ቤተ ክርስቲያናቸው ለሚመጡ እንግዶችም ታስተረጉም ነበር። አንድ እሑድ ግን ከውጭ የመጣው ሰባኪ ስለ ቀንበር ሲናገር እሷ «የእንቁላል አስኳል» አለችው፤ በእንግሊዝኛ የሁለቱ ድምፅ ያው ነው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ማይክ ይዛ አታውቅም።

ዘንድሮ ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ያሉ የሽንኩርት ገበሬዎችን ልትረዳ ኦርላ የምትባል አየርላንዳዊት ባለሙያ መጣች። አስተርጓሚው በመታመሙ፣ ከገበሬዎቹ ጋር የሚሠራው የሶሲ ወንድም ታጠቅ ደወለላት።

«ካልመጣሽ እኮ ሰዉ ሊበተን ነው፣ እህቴ!»

እምቢ ማለት አቃታት።

ስብሰባው የመስኖውን ቦይ ስለሞላው ደለል ነበር። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ሄደ። ኋላ ኦርላ ድርቆሽ የሚሰበስቡ ሰዎችን ፎቶ ግድግዳው ላይ አሳየች። ከሥሩ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ቃል ሶሲ በልቧ «ሜይቴል» ብላ አነበበችው። ኦርላ ግን «ሜሀል» አለች።

የምን መሀል? እንግሊዝኛም አይመስልም። ሰው ሁሉ አፍ አፏን ያያል። የመጣላትን ብላ ልታልፍ ከጀለችና ያ እሑድ ትዝ አላት።

«ይቅርታ፣ ይሄን ቃል አላውቀውም። ልጠይቃት» አለች።

ማንም አልሳቀም። ፊት የተቀመጡት አቶ ቀነዓ፣ «ጠይቂያት እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቸኩለናል?» አሉ።

ኦርላ በጥያቄው ደስ አላት። ቃሉ የአየርላንዳውያን የጥንት ቋንቋ፣ የጌሊክ ነው አለች። መሀሉ ላይ ያሉት «ቲ» እና «ኤች» ድሮ ምላስን በጥርስ መሀል አስገብተው የሚያወጡት ድምፅ ነበራቸው፤ በዘመን ብዛት ድምፁ ሳስቶ «ሀ» ሲሆን አጻጻፉ ባለበት ቀረ። ትርጉሙ በጥንት ጊዜ አብረው የሚያጭዱ ሰዎች ማለት ነበር፤ ዛሬ ጎረቤታቸውን በሥራ ለማገዝ ለሚሰበሰቡ ሁሉ ይባላል።

«ደቦ!» አለች ሶሲ ጮክ ብላ፣ ማይኩን እንደያዘች።

«እኛም በኦሮምኛ ዳቦ ነው የምንለው» አሉ አቶ ቀነዓ። ኦርላን ከአዲስ አበባ ያመጣት ሾፌር ከበሩ ላይ፣ «ዳቦ መጣ እንዴ?» ቢል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሶሲም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከደረቷ ላይ ድንጋይ የተነሳላት ያህል ቀለላት።

ቅዳሜ ቦዩን በደቦ ሊጠርጉ ተስማምተው ተለያዩ። ወደ አዳማ ሲመለሱ ነፋሱ በታጠቅ መኪና መስኮት ፊቷን እየነካት ሞጆ ሳይደርሱ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ታጠቅ ሬዲዮውን ቀነሰላት።