በግራ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ

ባሕር ዳር ከሚገኘው ቢሮዬ ፖሊሶች ሲወስዱኝ የተማሪዬን የማስተርስ ጥናት ረቂቅም አብረው ወሰዱ። በማግኔት መስክ ውስጥ የሚፈስ ተለጣጭ ፈሳሽ ሙቀትና ቁስን እንዴት እንደሚያስተላልፍ የሚያሰላ ነው። ልጅቱ ዳር ላይ በእርሳስ «መስኩ ሲጠነክር ፍሰቱ ይዘገያል፤ ሙቀቱ ግን ይጨምራል» ብላ ጽፋለች።

«መስኩ ማን ነው?» አለ መርማሪው።

«ማግኔት ነው።»

«የሚሞቀውስ ሕዝቡ ነው?»

ሳቄን ዋጥሁት። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የእኔ ነው አልሁ። ካስጻፈኝ ግን ውሸቴ ይታወቃል፤ ቀጥሎ የምትያዘው እሷ ናት። ስለዚህ የመኪና በር ጨፍልቆኛል ብዬ ቀኝ እጄን በጨርቅ ጠቀለልሁ።

የታሰርሁባት ክፍል እርጥብ ሲሚንቶ ትሸታለች። ውስጧ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከጣና ዳር የመጣ ሙስሊም ዓሣ አስጋሪ። የፍራሹን ግማሽ ለቀቀልኝ። ደግነቱን ጠረጠርሁት።

«በምን ታሰሩ፣ መምህር?»

«እንደ ተልባ ውሃ ስለሚዝለገለግ ፈሳሽ በተጻፈ ወረቀት።»

«በተልባ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁንም ጠረጠርሁት።

በሦስተኛው ቀን «ለባለቤቴ ደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። የማልወጣ መስሏት ጀልባዋን እንዳትሸጣት» አለኝ። ጽሕፈቴን ሊወስድላቸው ነው አልሁ በልቤ። እጄን አመመኝ አልሁት። አልጨቀጨቀኝም። ከሁለት ቀን በኋላ ሐዘኑ ከብዶኝ በግራ እጄ ጻፍሁለት፤ ፊደሎቹ ተንጋደዱ።

ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ሲበሉ አይቻለሁ፤ ቀኝዎ ደህና ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ካላመኑኝ ይቅር።» አጥፎ መለሰልኝ። በኀፍረት ፊቴ ነደደ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሌላ እስር ቤት ሊያዛውሩት ተጠራ። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሟል። ተማሪዬን ረሳኋት መሰለኝ፣ ጨርቁን ፈትቼ ቀኜን ዘረጋሁለት። ሌላ ይቅርታ መጠየቂያ አልነበረኝም።

ዓሣ አስጋሪው ፈጥኖ በፎጣው ሸፈነልኝ። «መምህር፣ ገና አልዳነም እኮ፤ አይፍቱት!» አለ ፖሊሱ እንዲሰማ። ከዚያ ትከሻዬን ነክቶ ወጣ።

እኔም ተፈታሁ፤ ልጅቱም ተመርቃ ታስተምራለች። ዓሣ ወደሚራገፍበት ዳር በሄድሁ ቁጥር የባለጀልባዎቹን ፊት እመለከታለሁ፤ እስካሁን አላገኘሁትም። ጀልባዋ ትሸጥ አትሸጥ አላውቅም። ጆሮ ጠቢ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።