ነጩ አፈርና የገደሉ ዛጎል

ዓመቱን ልንገራችሁ ብል መዋሸት ይሆንብኛል። በደርግ ጊዜ እንደነበር፣ ክረምቱም ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት እንደነበር ብቻ ነው የማውቀው። ባለፈው ሳምንት ዓይኔን ለመታየት ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ ስሄድ የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰና መንገዱ ኮረብታውን ሰንጥቆ ከሚያልፍበት፣ ከነጩ ገደል ሥር ቆምን። ወጣቶቹ ስልካቸውን ሲነካኩ እኔ ከዘራዬን ተደግፌ ወረድኩ። ዛጎሎቹ እዚያው ናቸው፤ እንደ ሕፃን ጥርስ ከአፈሩ ብቅ ብቅ ብለዋል። ሰላም ናችሁ ወይ ልላቸው ምንም አልቀረኝ።

በወጣትነቴ ሥራዬ ቤት መለሰንና ኖራ መቀባት ነበር። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ብሩሽ ግን እጄ ላይ ያምር ነበር። የአብዮት በዓል ሲቃረብ ቀበሌው ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለነውን ሰብስቦ፣ በዋናው መንገድ ዳር ያለ አጥር ሁሉ ነጭ ይሁን አለ። ኖራ ደግሞ ከከተማው ጠፍቷል። ተነሣሁና "ነጭ አፈር ያለበት ገደል አውቃለሁ" አልኩ። ማን ተናገር አለኝ! የቀበሌው ሊቀመንበር ደስ ብሎት የሥራው ኃላፊ አደረገኝ።

እሑድ በጭነት መኪና ወጣን። ግራ ቀኙ በቆሎ ነው፤ እሸት ጠብሰው የሚሸጡ ሴቶች ጭሳቸው መንገዱን ይዞታል። ገደሉን በዶማ ስንመታው አፈሩ እንደ ዱቄት እየቦነነ ይወርዳል፤ በመሃሉ ጥቅልል ያለ ስስ ዛጎል፣ አንዳንዱ ከሽምብራ ያነሰ። ዓይናችን እስከሚደርስበት ድረስ ውኃ የሚባል አይታይም። ሰው ዶማውን ጥሎ ይለቅም ጀመር።

"ቤቱ ይኸው፤ ባለቤቱ የት ገባ?" አለች እትዬ ዳሬ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትሸጠው።

አጠገቤ አፈር የሚዝቀው ባለሱቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ስብሰባ ቢበዛበት ሸሽቶ ነዋ" አለኝ። ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። ሊቀመንበሩ ራሱ የጆንያውን አፍ ይዞ ሲያስሞላ ውሎ፣ ካኪው ነጭ እስኪሆን ለፍቶ፣ አንዱን ትልቅ ዛጎል መርጦ "ይኼ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሚቀመጠው" ብሎ ኪሱ ከተተው። ሰው ከሰው በሚፈራራበት ዘመን ያን ቀን ሁላችንም የወፍጮ ቤት ሠራተኛ መስለን እየተያየን ሳቅን።

አፈሩን በውኃ በጥብጠን ቀባነው። ሲደርቅ ከኖራም በለጠ። አላፊው ሁሉ "እጅህ ይባረክ" ይለኝ ነበር። ኖራ ግን እሳት የቀመሰ ድንጋይ ነው፤ ግድግዳ ይነክሳል። ያ አፈር እሳት አያውቅም፤ አረፈ እንጂ አልያዘም። ይህን የተማርኩት በበዓሉ ዋዜማ፣ በጠራራ ቀትር ዝናብ ሲወርድ ነው። ነጩ ሁሉ በአስፋልቱ ዳር እንደ ወተት ፈሰሰ። አጥሩ ያለቀሰ ፊት መሰለ።

ወዲያው ቀበሌ ተጠራሁ። ሰዉም ተሰብስቧል።

"ይህ አሻጥር ነው" አለ ሊቀመንበሩ።

የዛሬ ልጆች የዚህን ቃል ክብደት አያውቁትም፤ ሥራን ሆን ብሎ ማበላሸት ማለት ነው። ያኔ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ከቤቱ ይወጣል፤ መመለሱን ግን ማንም አያውቅለትም። እናቴ በሩ ላይ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆማለች።

ባለሱቁ ከኋላ አግዳሚ ተነሣ። ነጋዴ በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ ድምፁን አያሰማም፤ ሸቀጥ ደብቀሃል ለማለት ሰበብ ነበር የሚፈለግበት።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ጥያቄ ይፈቀድልኝ።"

"ጠይቅ።"

"ያ ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ዛጎል ከየት መጣ?"

"ከገደሉ ነዋ!" አለ ሊቀመንበሩ።

"አፈሩም ከዚያው ነው፤ ሁላችንም አብረን ነው ያመጣነው። እኔ ቆፍሬያለሁ፣ እርስዎ ጆንያ ይዘዋል፣ ዳሬ ተሸክማለች። አሻጥር ከሆነ መጀመሪያ እኔን ይያዙኝ። ልጁ ነጭ ነገር ሁሉ ኖራ መሰለው፤ ለእኛስ አልመሰለንም?"

"እኔንም ይያዙኝ!" አለች እትዬ ዳሬ፤ "ወገቤ እስካሁን አልተቃናም።"

አንድ ሰው ፈራ ተባ እያለ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ሊቀመንበሩ ዛጎሉን አንሥቶ ሲያገላብጠው ቆየ።

"በሉ ሂዱና ድገሙት" አለ በመጨረሻ። "ዝናቡን እንደሆነ የምከስበት ቦታ የለኝም።"

በዚያው አፈር ደገምነው። በማግስቱ የበዓሉ ሰልፍ እስኪያልፍ ፀሐይ ወጣልን፤ ከሰዓት በኋላ እንደ ልቡ ዘነበ።

"አባባ፣ ይግቡ እንጂ፣ ጎማው ተቀይሯል" አለኝ የሚኒባሱ ረዳት። አንዲት ዛጎል ኪሴ ከትቼ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ በጣቴ ስዳብሳት ነበር። ገደሉ ጥንት የሐይቅ ወለል ነበር ይላሉ፤ ውኃው ከሄደ የዘመኑ ቁጥር አይታወቅም፤ እዚህ እንደነበር ግን ይቺን የምታህል ነገር ትመሰክርለታለች። ለዚያ ባለሱቅም አንድ ሰው ይመስክርለት ብዬ ነው ይህን ማውራቴ። አሁን በሕይወት የለም፤ ሱቁም ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል።

ጋሽ ኑሪ ነበር ስሙ።