ባዶ እጅ ደረጃ መውጣት

ቤሩት አጠገብ፣ ጃል ኤል ዲብ ሥራ የጀመርኩ ቀን ማዳሜ መጀመሪያ ያሳየችኝ ወጥ ቤቱን ሳይሆን ደረጃውን ነው። «አሳንሰሩ መብራት ሲኖር ነው የሚሠራው፤ ያኒ፣ ማለቴ የለም በይው» አለችኝ። ቤቷ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ባልዲ፣ መወልወያና የውሃ መጥረጊያ ጎማ አስረከበችኝ። ከቤቷ ሥራ ሌላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሕንፃውን ደረጃ ከላይ እስከ ታች ማጠብ የእኔ ድርሻ ሆነ።

ለሥራ ካስመጣኝ ስፖንሰሬ ቤት ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የመኖሪያ ፈቃዴም ጊዜው አልፎ ተቃጥሏል። ከአገሬ ልጅ ከሰናይት ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን በተመላላሽ እንሠራ ነበር። ስኳር እንዳለብኝ ያወቅሁት እግሬ ደንዝዞ፣ ነጠላ ጫማዬ ወልቆ ሳይሰማኝ ብዙ ከተራመድኩ በኋላ ነው።

የሄድኩበት ክሊኒክ ዶክተር መድኃኒት ጻፈልኝና «ስፖርት ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«ዶክተር፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው።»

«እሱ ሥራ ነው። ሽፍን ጫማ አድርገሽ በየቀኑ ተራመጂ፤ ማታ እግርሽን እዪ። ቁስል ከወጣብሽ አስቸጋሪ ነው።»

እግሬን ካጣሁ ሥራዬን አጣሁ። አገር ቤት ያሉት የልጅ ልጆቼ የሚማሩት በዚሁ እግር ነው።

ውጭ እንዳልራመድ፣ ፖሊስ ቢያስቆመኝ የማሳየው ወረቀት የለኝም። ስለዚህ ከሥራ በኋላ የማዳሜን ሕንፃ ደረጃ መውጣትና መውረድ ጀመርኩ። ሰናይትም እየመጣች አብራኝ ትወጣ ነበር። «እትዬ፣ ስኳሩ ያንቺ፣ ድካሙ የጋራ!» እያለች ታስቀኛለች። ከዚያ ራስ ቤሩት አዳሪ ሥራ አገኘችና ሄደች። ክፍሉም ደረጃውም ለእኔ ብቻ ቀሩ።

እዚህ ሠራተኛ ደረጃ ላይ ስትታይ እጇ አንድ ነገር መያዝ አለበት፤ ቆሻሻ፣ አስቤዛ፣ የሰው ልጅ። ባዶ እጇን ከሆነች ወይ ልትሰርቅ ነው፣ ወይ ከወንድ ጋር ተቃጥራለች። ታች ያለችው ጎረቤት «ሠራተኛሽ ባዶ እጇን ደረጃ ላይ ትመላለሳለች» ብላ ለማዳሜ ደወለችላት።

«ሐቢብቲ፣ ቤት ስታጸጂ መች ቁጭ ትያለሽ?» አለችኝ ማዳሜ። «ይበቃሻል፣ ኸላስ።»

«ማዳም፣ አንቺም ስኳር አለብሽ። ተራመጂ ሲሉሽ መራመጃ ማሽን ገዛሽ።» ማሽኑ በረንዳ ላይ ነው፤ ልብስ አሰጣበታለሁ።

ሳቀች። «እሺ፣ ባልዲ ያዢ። ባልዲ ከያዝሽ ማንም አይናገርሽም።»

እውነቷን ነው፣ ማንም አልተናገረኝም። ባዶ ባልዲ ይዤ ስወጣ ስወርድ ሰነበትኩ። አንድ ምሽት መብራት ሲጠፋ የደነዘዘው እግሬ የደረጃውን ጠርዝ ሳተ። የሰው ዕቃ እንዳይሰበር መጠበቅ ለምዶብኛል፤ መደገፊያውን ለቅቄ ባልዲውን በሁለት እጄ አቀፍኩ። በጉልበቴ ወደቅሁ። አንድ በር ተከፈተ፤ ተመልሶ ተዘጋ። ራሴው ተነሣሁ።

በማግስቱ ባልዲውን ማዳሜ ፊት አስቀመጥኩት።

«ይሄን ደረጃ የማጥበው እኔ ነኝ። ላጥበው ተፈቅዶልኝ ልረግጠው የምከለከለው በምን ሕግ ነው? ወይ መደገፊያዬን ይዤ ባዶ እጄን እወጣለሁ፣ ወይ ለቅዳሜ ሌላ አጣቢ ፈልጉ።»

«አንቺ ደግሞ ቁጣሽ!»

«ቁጣ አይደለም ማዳም፣ ሐቅ ነው።»

ቆይታ ለጎረቤቷ ስትደውል ከወጥ ቤት ሰማኋት። «ታማሚ ናት፣ ተያት። እሷ ከሄደች ደረጃውን ማን ያጥብልናል?» አዝናልኝ እንዳይመስላችሁ። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «ግን ሥራሽን ከጨረስሽ በኋላ!» አለችኝ። ከሥራ በኋላ ያለው ጊዜ ድሮም የእኔ ነበር፤ ለእሱም መከራከር ነበረብኝ።

ዛሬም እወጣለሁ። በር ከፍቶ «እንዴት ነሽ» የሚለኝ የለም። ጉልበቴ ሲያመኝ «ዛሬ ይቅርብሽ» የሚለኝም፣ ስሰንፍ «ተነሺ» የሚለኝም የለም። ሁለቱንም የምለው ራሴ ነኝ። ማታ እግሬን በመስታወት አያለሁ፤ እስካሁን ቁስል የለበትም።

በተመላላሽ ለምትሠሩ ልጆች የምነግራችሁ ይሄን ነው። የቤት ሥራ ስፖርት አይደለም። የምትራመዱበትን ጊዜ ከሥራው ለዩት። አብሯችሁ የሚራመድ ሰው ከጠፋ ብቻችሁን ተራመዱ።