ሣር የበቀለበት ቤት ፎቶ

ደብረ ታቦር ፎቶ ቤት ተቀጥሬ የማነሳው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። ለመታወቂያ፣ ለፈተና፣ ለሥራ ማመልከቻ። ቀና በል፣ ጆሮሽ ይታይ፣ በቃ ሂጂ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የደረስኩበት ይኸው ነበርና ቶሎ ሰለቸኝ።

በዚያ መሀል አንድ ነጋዴ አዲስ ሆቴል ሠሩ። ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ የሕንፃውን መሀል ባዶ ትቶ በመስታወት ከደነው፤ ሥሩ አትክልት አስተከለበት። ከደረጃው ጎን ሰፋፊ ቅጠል፣ ከግንቡ የሚወርድ ሐረግ፣ መሬቱ ላይ ሣር። ውጭ የጉና ተራራ ብርድ አጥንት ድረስ ሲዘልቅ ውስጡ ለምለም ነው። ባለቤቱን፣ አትክልቱን ፎቶ ላንሳውና ከወደዱት እንግዳ መቀበያው ላይ ይስቀሉት አልኳቸው። እሺ አሉ። ከተሰቀለ ሰው ያየዋል፣ ሌላ ሥራ ይመጣል፣ ከጉርድ ፎቶ እገላገላለሁ። ሐሳቤ ይኼ ነበር።

ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ብርሃኑ ከመስታወቱ ሲወርድ አነሳሁ። ሰው እንዳይገባበት አስተናጋጆቹን ሳይቀር አባረርኩ። የፈለግኩት ግንቡንና ቅጠሉን ብቻ ነው። ባሕር ዳር ልኬ በትልቁ አሳጠብኩና ፍሬም ውስጥ አስገባኋቸው። ጥሩ ነበሩ፤ ይህን ለማለት አላፍርም።

ሆቴሉ ጠበል የሚረጭበት ቀን የባለቤቱ እናት ከመንደራቸው ከገሳይ መጡ። በጓሮ በር ስላስገቧቸው ከአትክልቱ በፊት ያዩት ግድግዳ ሥር ተደርድረው መሰቀል የሚጠብቁትን ፎቶዎች ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«የማን ቤት ነው? ምን ፈጃቸው?» አሉ።

በእኛ አገር ቤት ውስጥ ሣር ከበቀለ ባለቤቶቹ አልቀዋል፣ ቤቱ ወና ሆኗል ማለት ነው። ለበዓል የሚጎዘጎዘው እንኳ ታጭዶ ነው የሚገባው፤ ሥር ይዞ አይደለም።

«እማማ፣ የልጅዎ ቤት ነው» አልኳቸው።

ባልናገር ይሻል ነበር። ልጃቸው ላይ የተሟረተ መሰላቸው፤ ይህ ነገር ካልተነሣ እህል አልቀምስም አሉ። ባለቤቱ ጎተት አድርገው ወሰዱኝና ፎቶዎቹን ከእናታቸው ዓይን እንዳርቅ አዘዙኝ። እናትየው ሲሄዱ ይሰቀሉ እንደሆነ ብጠይቅ ወደ እንግዶቹ ተመለሱ። እንደማይሰቀሉ ገባኝ።

እኔ ግን እናትየውን ይዤ ወደ አትክልቱ ሄድኩ። ሆን ተብሎ የተተከለ ነው፣ ውሃ የሚያጠጣው ሰው አለው ብዬ ነገርኳቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው በድንጋዮቹ መሀል የበቀለ አረም ነቀሉ። ከዚያ ሌላ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እንደ ጤፍ ማሳ ያርሙት ጀመር፤ ሰው ያለበት ቤት እንዲህ ይተዋል ወይ እያሉ። ካሜራዬ አንገቴ ላይ ነበር። አነሳኋቸው።

እሱንም አሳጠብኩ። ባለቤቱ ተቀብለው አገላበጡት። «ፊቷ የታል? ጀርባ ነው እንዴ የምሰቅለው?»

እናትየው ገና ወደ ገሳይ አልተመለሱም ነበር። ቀረብ ብለው አዩትና «ገሳይ በሙሉ በጀርባዬ ያውቀኛል፤ ስቀለው» አሉ። «ቤቱ የሚያርመው ሰው እንዳለ ይታይ።»

ተሰቀለ። አንዱ ብቻ። የሚያየው ሁሉ ስለ እናትየው ይጠይቃል፤ ስለ መስታወቱና ስለ ብርሃኑ የጠየቀኝ የለም። ሌሎቹ አልጋዬ ሥር ናቸው። ትንሽ ቆይቶ አንድ አስተማሪ ያን ፎቶ አይቶ ፎቶ ቤት ድረስ መጣ። እናቱን ጓሮዋ ውስጥ እንዳነሳለት ፈለገ፤ ፊቷ ባይታይም ግድ የለኝም አለ። ጉርድ ፎቶ የሚጠብቁትን ለባልደረባዬ ትቼ ተከተልኩት።