አባቴ መስመር ሲያዩ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መካነ ሰላም ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። አምና እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ የባሰው ግን ሲራመዱ ድንገት ቆመው መቅረታቸው ነበር፤ በተለይ በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው አልነሳ ይላቸዋል።

«ምነው ቆሙ፣ አባዬ?» ስላቸው፣

«መሬቱ ያዘኝ፣ ልጄ» ይሉኛል።

ደሴ ወሰድኳቸው። የመረመረቻቸው ሐኪም መድኃኒት አዘዘችና በሽታውን አስረዳችን። አንጎል የራሱ ምት አለው፤ እግርም የሚነሳው በዚያ ምት ነው፤ የእሳቸው ምት ተዛብቷል አለች። «መሬት ላይ መስመር ቢያዩ ግን፣ በዓይናቸው የገባው እግራቸውን ሊያስነሳው ይችላል። እስቲ ሞክሩት።»

ቤት እንደገባን ከሱቁ የተራረፈውን ነጭ አቡጀዲ በቀጭን በቀጭኑ ቀድጄ ከአልጋቸው እስከ በሩ ወለሉ ላይ በየእርምጃው አግድም አጣበቅሁት።

«አቡጀዲ ልታስረግጪኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ የመጀመሪያውን መስመር ትክ ብለው አዩት። እግራቸው ተነሳ። ሁለተኛውንም ተሻገሩ። በሩን አልፈው ግቢው ላይ ፀሐይ ሲያገኛቸው ዞር ብለው እናቴን አዩና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታያቸው ነበር።

በሽታው አልለቀቃቸውም። አንዳንድ ቀን መስመሩም አይረዳቸውም። ባለፈው ጁምዓ ግን መስጊድ ሳደርሳቸው፣ የኮብልስቶኑ መንገድ ላይ ቆመው ቀሩ። ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ።

«ቆዪ» አሉኝ። አቀርቅረው የድንጋዮቹን መጋጠሚያ በዓይናቸው ፈለጉ፤ አንዱን መረጡና ተሻግረውት ሄዱ።